21 ሺህ ሠራተኛ ያነጋገረው ፋብሪካ

በአማርኛችን «ለምን አረፈድክ?» የሚለው አነጋገር በስተመጨረሻው የጥያቄ ምልክት ይደረግበት እንጂ ጥያቄ አይደለም። ክስ ነው። ጠያቂውም ተጠያቂውም ይህን ያውቁታል። ለክስ የሚሰጠው ደግሞ መከላከያ ስለሆነ፣ አውቶቡሱ ዘገየ፣ ልጁን አሞት ነበር፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር ይባላል። አለቃው ሰበቡን ሰምቶ ይቆጣል፤ ሠራተኛው ቁጣውን ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ያረፍዳል። ከዚያ ንግግር ሁለቱም ያገኙት አዲስ ነገር የለም።

ነገሩ ሥር የሌለው አይደለም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ጥያቄ የጦር መሣሪያ ነበር። ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ጨብጦ ከዳኛው ፊት ሲቆም ባላጋራውን «ተጠየቅ!» እያለ ያፋጥጠው ነበር። በልሃ ልበልሃው ሲጦፍ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ በንግግሩ ውበት ይደነቃል። የዚያ ጥያቄ ዓላማ ግን ባላጋራን አፉን ማስያዝ እንጂ ማናገር አልነበረም። ጥበብነቱን የሚክድ የለም፤ ዳኛ በሌለበት ሥራ ቤት ውስጥ ግን ምን ይሠራል?

ሌላም ወግ አለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ቀርቦ ይነግራል። ጉባኤው ሲበዛ መምህሩ ሁሉንም መስማት ስለማይችሉ ከፍ ያለው ተማሪ «አስነጋሪ» ይሆንና የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ ያርማል። ቃሉን ልብ ብለው ይመልከቱት፤ አስነጋሪ ማለት ሌላው እንዲናገር የሚያደርግ ማለት ነው። ቅኔውን ግን እርሱ አይቆጥርለትም።

ዛሬ ላወጋዎት የፈለግሁት ባላሰበው መንገድ ከ«ተጠየቅ» ተነሥቶ ወደ አስነጋሪነት ስለ ሄደ አንድ የአሜሪካ ፋብሪካ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዛሬው ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ «ኮቺንግ» እየተባለ የሚሰበከው፣ ጎበዝ ሠራተኛን በትእዛዝ ሳይሆን በጥያቄ የማሳደግ ዘዴ፣ ከአባቶቹ አንዱ ይህ ፋብሪካ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ፋብሪካው ሆቶርን ይባላል። ከቺካጎ አጠገብ ሲሴሮ በምትባል ከተማ በ1905 ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ለቤል የስልክ ድርጅቶች የሚሆነውን ስልክ፣ ኬብልና የማዞሪያ ዕቃ ያመርት ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ 40 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። እነማን ነበሩ ቢሉ፣ ብዙዎቹ እንደኛው ከባሕር ማዶ የመጡ ወይም የመጤ ልጆች ነበሩ፤ ቼኮች፣ ፖላንዶች፣ ጣሊያኖችና ሌሎችም። ጁላይ 24 ቀን 1915 ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ለዓመታዊ ሽርሽር የጫነችው ኢስትላንድ የተባለች መርከብ ገና ከቺካጎ ወንዝ ዳርቻ ሳትላቀቅ ተገልብጣ 844 ሰው አልቋል። ይህን ያነሣሁት ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ አይደለም። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ሊቃውንቱ ሊያጠኑት የመጡት ሕዝብ በሒሳብ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ሳይሆን አብሮ ያለቀሰ ሰፈር እንደነበር እንዲያስቡልኝ ነው።

ምርምሩ የተጀመረው በመብራት ነበር። ከ1924 እስከ 1927 መሐንዲሶች የክፍሎቹን ብርሃን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ምርቱን ለኩ። ብርሃን ሲጨመር ምርት ጨመረ። መብራቱ ምንም ባልተነካበት ክፍልም ጨመረ። በአንድ ሙከራ ላይ ብርሃኑ የጨረቃ ያህል እስኪደበዝዝ ድረስ ቢቀነስም ሁለት ሠራተኞች ሥራቸውን እንደ ወትሮው ቀጠሉ። መሐንዲሶቹ ግራ ገባቸው።

በኤፕሪል 1927 ሌላ ሙከራ ተጀመረ። ሪሌይ የምትባለዋን፣ ከ30 በላይ ጥቃቅን ክፍሎች ያሏትን የስልክ ዕቃ የሚገጣጥሙ አምስት ወጣት ሴቶች፣ ክፍሎቹን ከምታቀብል ስድስተኛ ጋር ለብቻቸው ክፍል ተሰጣቸው። እያንዳንዷ የተገጠመች ሪሌይ ወደ ማንሸራተቻው ስትጣል በወረቀት ጥቅል ላይ ቀዳዳ ይበሳ ነበርና የሚያመልጥ ቁጥር የለም። የዕረፍት ሰዓት ተሰጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተሰጠ፤ የሥራው ቀን አጠረ፣ ረዘመ። ምርቱ በአመዛኙ ሽቅብ ሄደ።

አንድ አዲስ ነገር ግን ነበረ። ለውጥ ከመደረጉ በፊት ሴቶቹ ወደ ፋብሪካው ሹም ቢሮ እየተጠሩ «ይህን ልናደርግ ነው፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?» ይባሉ ነበር። በዚያ ዘመን የ20 ዓመት የመጤ ልጅ በእንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ሐሳቧን ስትጠየቅ ማን አይቷል? አንዳንዱን ሐሳብ አንፈልግም ሲሉ ሐሳቡ ይቀር ነበር። ይሁንና ነገሩን እንዳናጣፍጠው፤ በጃንዋሪ 1928 ከአምስቱ ሁለቱ ወሬ ያበዛሉ፣ አይተባበሩም ተብለው ከክፍሉ ተወስደው በሌሎች ተተኩ። ተናገሩ የተባሉት ሰዎች ሲናገሩ ተባረሩ ማለት ነው። ደግሞም የእነዚያ ሴቶች ክፍያ ከትልቁ ክፍል ምርት ጋር መታሰቡ ቀርቶ በራሳቸው ትንሽ ቡድን ምርት ይሰላ ጀመር። ስለ ሰብዓዊ ግንኙነት የሚጽፉት ሊቃውንት ይህችን የገንዘብ ነገር ቶሎ ብለው ያልፏታል፤ የወር ደመወዝ የሚቆጥር ሰው ግን አያልፋትም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ኩባንያው በዚህ ሙከራ ውስጥ የካቦውና የሠራተኛው ግንኙነት ከዕረፍቱ ሰዓት ይበልጥ ሳይሠራ እንዳልቀረ ጠረጠረ። ታዲያ ካቦዎቹን ለማሠልጠን መጀመሪያ ሠራተኛው ስለ እነርሱ ምን እንደሚል መታወቅ አለበት ተባለ። በሴፕቴምበር 1928 በምርመራ ክፍሉ ያሉትን 1,600 ሠራተኞች አንድ በአንድ ማነጋገር ተጀመረ። በ1929 ሥራው ሰፍቶ 10,300፣ በ1930 ደግሞ 9,226 ሰዎች ተነጋገሩ። በጠቅላላው 21,126። ሰው ከሥራው ተነሥቶ፣ ክፍያው ሳይቋረጥ፣ በር ተዘግቶ ይነጋገራል፤ የተናገረው ይጻፋል፤ ስሙ ግን አይጻፍም።

በመጀመሪያ ጠያቂዎቹ የያዙት ዘዴ እርስዎም እኔም የምናውቀው ነው። አለቃህን እንዴት ታየዋለህ? የሥራው ቦታ ይመችሃል ወይ? ሥራውን ትወደዋለህ ወይ? እያሉ በተራ ይጠይቃሉ። መልሱ አዎ፣ አይ፣ ደህና ነው የሚል ነበር። ከዚያ ግን አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ሠራተኛው ስለ አለቃው ሲጠየቅ በአጭሩ መልሶ ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል፤ ጠያቂው ወደ ጉዳዩ ሲመልሰው በጨዋነት ይመለስና አሁንም ተመልሶ ወደዚያው ወሬ ይሄዳል። ስለ ታመመች ሚስት፣ ስለ ቤት ዕዳ፣ ከዓመታት በፊት ስለ ተነፈገ ዕድገት። ጠያቂዎቹ ይህን ከጉዳዩ የወጣ ወሬ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጉዳዩ ይኸው ወሬ እንደሆነ ተረዱ። ከጉዳዩ የወጣው የእነርሱ ጥያቄ ነበር።

በጁላይ 1929 ዘዴው ተለወጠ። ጠያቂው ስለ ራሱና ስለ ዓላማው ከተናገረ በኋላ ሠራተኛው የፈለገውን እንዲያነሣ ይተወዋል፤ ወሬውን አይቆርጥም፣ ርዕስ አይለውጥም፣ ሲቸግር ብቻ «እስቲ እሱን ይንገሩኝ» ይላል። ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ይወስድ የነበረው ንግግር ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ረዘመ፤ ሁለት ገጽ ተኩል ይሞላ የነበረው ማስታወሻ አሥር ገጽ ያህል ሆነ። ጥያቄው ሲያንስ መልሱ በዛ።

በዚህ ሥራ ላይ ስሙ የገነነው ኤልተን ሜዮ ነው። በአውስትራሊያ በ1880 ተወልዶ በ1926 ሃርቫርድ የገባ፣ ወደ ሆቶርንም በ1928 መመላለስ የጀመረ ሰው ነበር። ስዊሱ ዣን ፒያዤ ሕፃናትን እንዴት እያነጋገረ አስተሳሰባቸውን እንዳጠና አንብቦ ነበርና ያንኑ ለጎልማሶቹ ሞከረው። ለጠያቂዎቹ የተሰጣቸው መመሪያ በእኛ አባባል ይህን ይመስላል፤ ሙሉ ልብህን ስጠው፤ ስማ እንጂ አታውራ፤ አትከራከር፣ ምክርም አትስጥ፤ ሊናገር የፈለገውን፣ ሊናገር ያልፈለገውን፣ ያለ እርዳታ ሊናገር የማይችለውን ለይተህ አድምጥ፤ የነገረህን ሁሉ በምሥጢር ያዝ። «ምክር አትስጥ» የምትለዋ ለእኛ ሰው እንዴት እንደምትከብድ አያጡትም። በእኛ ዘንድ ሳይመክሩ መሰናበት ቡና ሳያቀርቡ እንደመሸኘት ነው።

ሜዮ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ካነሣቸው ነገሮች አንዱን ልንገርዎት። አንዲት ሠራተኛ ከአለቃዋ ጋር ፈጽሞ አትስማማም ነበር፤ አለቃውም አስቸጋሪ ናት ብሎ አስቀድሞ ለጠያቂው ነግሮታል። ንግግሩ ሲረዝም ሰውየውን የጠላችው የምትጠላውን የእንጀራ አባቷን ስለሚመስላት እንደሆነ ራሷ ደረሰችበት። ማንም አልነገራትም። ቢነግሯትም ኖሮ የምትቀበል አይመስለኝም።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ያሳስበኛል። ስለ ፋብሪካው ምግብ አምርሮ የተናገረ ሠራተኛ ከጥቂት ቀን በኋላ ጠያቂውን አግኝቶ፣ ነገሩን ለበላይ በማድረስ ምግቡ እንዲሻሻል ስላደረገ አመሰገነው። በምግቡ ላይ ግን የተደረገ ለውጥ አልነበረም! ሜዮ ይህን ያነሣው የመደመጥን ኃይል ለማሳየት ነው። እኔ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል፤ ወጡን ሳያሻሽሉ ምስጋና ማግኘት የሚቻልበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መንገድ በአለቃ እጅ ሲገባ የሚያመጣውን ያስቡት።

ከዚያ የኢኮኖሚ ድቀቱ መጣ። ማነጋገሩ ቆመ፤ ሠራተኛው በሺህ እየተቀነሰ ፋብሪካው ኦና ቀረ ማለት ይቻላል። ከኖቬምበር 1931 እስከ ሜይ 1932 ድረስ 14 ወንዶች በአንድ ክፍል ውስጥ ሲጠኑ፣ ምን ያህል ሥራ በቀን እንደሚበቃ በመካከላቸው ተስማምተው ከዚያ በላይ የሚሠራውን እንደሚያሸማቅቁት ታየ። ብዙ ከሠራን ወይ ክፍያው ይቀነሳል ወይ ጓደኛችን ይባረራል ብለው ነው። ጎበዞቹ ጉብዝናቸውን ይደብቁ ነበር። እዚህ ላይ የጥያቄ ጥበብ ብቻውን አቅም እንደሌለው ይታያል፤ ሰው እውነቱን ቢናገር እንጀራውን የሚያጣ ከመሰለው የቱንም ያህል በለዘበ ቃል ቢጠይቁት «ደህና ነው» ነው የሚልዎ።

በ1936 ኩባንያው ማነጋገሩን በሌላ መልክ አስጀመረው። አማካሪ የተባሉ ሰዎች በየክፍሉ እየዞሩ ይሰሙ ጀመር። ብዙ ዓመት፣ እስከ 1956 ድረስ ሠርተዋል። እነዚህ ሰዎች የሰሙትን አቤቱታ ለማስፈጸም ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሥራቸው መስማት ብቻ ነበር። ሥርዓቱ በመጨረሻ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል። ሃያ ዓመት የሚሰማ፣ አንድም ቀን ግን በር የማይከፍት ጆሮ ቢሰለች አይደንቅም።

ሊቃውንቱ ስለ ሆቶርን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ፍራንክና ካውል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 የሪሌዩን ክፍል ቁጥሮች እንደገና አስልተው፣ ምርቱን ያሳደገው ከሁሉ ይልቅ የአለቃ ቁጥጥርና ከሥራ የመባረር ፍርሃት ነው አሉ። በ2011 ሌቪትና ሊስት የጥንቱን የመብራት ቁጥር አግኝተው ሲመረምሩ የተወራለትን ያህል ተአምር አላገኙበትም። ክርክሩ ስለ ምርቱ ነው። ስለ ንግግሩ፣ ማለትም ጥያቄ ሲቀንስ መልስ ስለ መብዛቱ፣ የተነሣ ይህን የመሰለ ክርክር አላየሁም።

ዘዴው ከሆቶርን ውጭ ቀጠለ። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሮጀርስ በ1942 ባሳተመው መጽሐፉ ተመሳሳዩን ለሕክምና አስተማረ፤ በ1957 ከሪቻርድ ፋርሰን ጋር ስለ ማዳመጥ የጻፋትን ትንሽ ጽሑፍ ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ማዕከል ለሥራ መሪዎች አሳተማት። ቀጥሎ የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ፣ ከቴኒስ ሜዳ ነው። ቲሞቲ ጋልዌይ የሚባል የቴኒስ አስተማሪ «ኳሷን እይ!» እያሉ መጮህ ምንም እንደማይጠቅም አየ። ይልቅስ ተማሪውን ኳሷ መሬት ስትነካ «ነጠረች»፣ ራኬቱን ስትነካ «መታሁ» በል ይለዋል። ተማሪው ይህን ለማለት የግድ ኳሷን ማየት አለበት። ትእዛዙን የሚተካ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። መጽሐፉ በ1974 ወጣ። በ1960ዎቹ በመኪና እሽቅድምድም የታወቀው እንግሊዛዊ ጆን ዊትሞር ይህንኑ ወደ መሥሪያ ቤት አምጥቶ በ1992 መጽሐፍ ጻፈ። ምን ላይ መድረስ ትፈልጋለህ፤ አሁን የት ነህ፤ ምን ምን መንገድ አለህ፤ የቱን፣ መቼ ታደርገዋለህ? ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። «ለምን» የምትለዋንም ሰውን መከላከል ውስጥ ስለምታስገባ በ«ምን» እና በ«እንዴት» እንድትተካ ይመክራል። እኛ ግን ይህን ከአማርኛችን ቀድመን ማወቅ ነበረብን!

በነገራችን ላይ «ኮች» የሚለው ቃል የመጣው ሠረገላ ከሚሠራባት ኮች ከምትባል የሃንጋሪ መንደር ነው። የእንግሊዝ ተማሪዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ለፈተና የሚያደርሳቸውን አስጠኚ በቀልድ «ሠረገላ» አሉት። ሠረገላ ተሳፋሪው ወደሚሄድበት እንጂ ነጂው ወደ ወደደው አይሄድም።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን ይሉ ይሆናል። ያገባናል። ከመካከላችን አገር ቤት መምህር፣ መሐንዲስ፣ ነርስ የነበረው ስንቱ ነው እዚህ በመኪና ማቆሚያ፣ በሆቴል፣ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ «ይህን አድርግ፣ ያን አንሣ» እየተባለ ዓመታት የሚያሳልፈው? ምን ታውቃለህ ብሎ የጠየቀው የለም። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቻችን አሠሪዎች ሆነናል፤ ምግብ ቤት ከፍተናል፣ የፈረቃ አለቆች ሆነናል። የተነፈግነውን እኛም እየነፈግን እንደሆነ ዞር ብሎ ማየት ይከብዳል። በእኛ ቤት የሚጠይቅ አለቃ አያውቅም ተብሎ ይታማል፤ ስለዚህ አለቃው ሁሉን የሚያውቅ መስሎ ይኖራል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። የምግብ ቤትዎ ጎበዝ አብሳይ ሰሞኑን ወጡ እጇ ላይ አልሠምር ብሏል እንበል። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ቢሏት በርበሬው ነው ትላለች። «ጨው ቀንሺበት፣ እሳቱን አብርጂው» ቢሏት እሺ ትላለች፤ ልቧ ግን እዚያ የለም። «ቅዳሜ ለት የሠራሽው እንዴት ነበር? ያን ቀን ምን የተለየ ነገር ነበረ?» ቢሏትና ከዚያ ዝም ቢሉ፣ ምናልባት ቅዳሜ ሽንኩርቱን የሚከትፍላት ልጅ ስለነበረ ቁሌቱን ሳትቸኩል እንዳቁላላችው ትነግርዎታለች። መፍትሔው የእርሷ ነው፤ ለእርስዎ የቀረው ልጁን ለሌላውም ቀን መቅጠር ነው። ካልቀጠሩት ግን እንደ ሆቶርኑ ምግብ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠይቋት «ደህና ነው» ትላለች።

ከሁሉ የሚከፋው የተሸፋፈነ ትእዛዝ ነው። «እንዲህ ብታደርጊው አይሻልም ብለሽ ነው?» ሲባል ጥያቄ መስሎ ይቀርባል እንጂ ማንም ልጅ ትእዛዝነቱን ያውቀዋል። የዕድሜውም ነገር አለ። የ30 ዓመት አለቃ የ60 ዓመት አዛውንት ሲያሠራ፣ «ጋሼ፣ ይህን በርስዎ ልምድ እንዴት ያዩታል?» ብሎ ቢጀምር ሥርዓትም ይጠብቃል፣ እውቀትም ያገኛል። የእንግሊዝኛው ቋንቋ እንዲህ ያለ መግቢያ የለውም፤ እኛ ግን አለን።

ሆቶርን በ1983 ተዘጋ። አብዛኛው ሕንፃ ፈርሶ በቦታው የገበያ አዳራሽ ተሠርቷል፤ ማማው ብቻ ቆሟል። ቺካጎ አካባቢ የሚኖር አንባቢ ካለ፣ በሲሴሮ በሚገኘው ሞርተን ኮሌጅ ውስጥ ስለ ፋብሪካው አንድ አነስተኛ ሙዚየም አለ። 21,126ቱ ሰዎች የተናገሩት በዚያ አዳራሽ አይሰማም፤ ሮትሊስበርገርና ዲክሰን በ1939 ባሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ግን ጥቂቶቹ፣ ስማቸው ሳይጠቀስ፣ ስለ አለቃቸው፣ ስለ ኪራያቸውና ስለ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ እያወሩ ናቸው።